ከስኒ ሥር ያለው ጣውላ
በሰሜን ሸዋ የተቀባ እንጨት ሥራ ታሪካዊ አመጣጥ

የአንድ ሕዝብ የዕደ ጥበብ ታሪክ የሚመዘነው በታላላቅ ሕንጻዎቹና በቤተ መንግሥት ዕቃዎቹ ብቻ አይደለም። እጅ በየዕለቱ የሚነካቸው፣ ዓይን ግን ልብ የማይላቸው ጥቃቅን ዕቃዎችም ስለ ሠሪው ኑሮ፣ ስለ ቁሳቁሱ ምንጭና ስለ ዘመኑ የንግድ ግንኙነት ብዙ ይናገራሉ። ጀበና የሚያርፍበት ማቶት፣ ስኒ የሚደረደርበት ረከቦት፣ በቅርብ ዘመን ደግሞ ብርጭቆ የሚቀመጥበት፣ ቀለም የተቀባ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ጣውላ ከእነዚህ ወገን ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጨረሻውን፣ ይኸውም ተጥሎ ከሚገኝ የጭነት መደብ፣ በተለምዶ ፓሌት ከሚባለው እንጨት የሚሠራውን የብርጭቆ ማሳረፊያ መነሻ በማድረግ፣ የተቀባ እንጨት ሥራ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ ምን ዓይነት ታሪክ እንዳለው መመርመር ነው።

ይህን ሥራ ከውጭ የመጣ የጊዜ ማሳለፊያ አድርገው የሚመለከቱት አሉ። ዕቃው እንደ ዕቃ አዲስ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በውስጡ ሦስት ሙያዎች ተገናኝተዋል፤ አንደኛው ያገለገለን እንጨት ዳግም መጠቀም፣ ሁለተኛው እንጨትን ለቀለም ማዘጋጀት፣ ሦስተኛው ለመጠጥ ዕቃ ማረፊያ ማበጀት ነው። ሦስቱም በዚህ አገር ሥር ያላቸው ሙያዎች ናቸው። ሥራውን ባዕድ ነው ብሎ ማለፍ፣ ወይም ባዕድ ነው ብሎ በደፈናው መቅዳት፣ ሁለቱም ይህን ሥር ካለማወቅ የሚመነጩ ናቸው።

ደጋውና እንጨቱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አምባ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ ቆላው በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱ ከተሞች ጎረቤታሞች ቢሆኑም የእንጨት ዕጣቸው የተለያየ ነው። በደብረ ብርሃን ሜዳ ውርጭና ነፋስ እንጂ የተፈጥሮ ደን እምብዛም አልነበረም፤ ገበሬው ለዘመናት የሚያነደው ኩበት፣ የሚለብሰውና የሚያነጥፈው ከበጉ ጠጉር የተሠራ ባናና ዝተት ነበር። ዛሬ ሜዳውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በአንኮበር በኩል ግን የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የሚበቅልበት ጥንታዊ ደን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን የተተከለው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጽድ ዘር ነው የሚል ትውፊትም አለ።

እንዲህ ባለው አገር እንጨት የማይናቅ ሀብት ነው። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ያልነቀዘው ወጋግራ፣ ምሰሶና የበር መቃን ተለይቶ ለአዲሱ ቤት ይውላል፤ ለቤት የማይሆነው ለበረት፣ ለበረት የማይሆነው ለዱካ ወይም ለመሣሪያ እጀታ ይሆናል፤ እሳት የሚያገኘው የመጨረሻውን ነው። ያገለገለን እንጨት እንደገና ለሥራ ማዋል የዛሬ ፋሽን አይደለም። በደጋው የኑሮ ግዴታ ያስተማረው፣ አናጢውም በልምድ ያዳበረው ሥርዓት ነበር።

ነጩ ልባጥ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ ከሰማይ ብርሃን በታየበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ሰየሙት፤ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው ተክለው ኖሩበት። ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ ተመራማሪዎች አሉ። ለኪነ ጥበብ ታሪክ ግን ከብርሃኑ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ሌላ ጉዳይ ነው። ንጉሡ ለእመቤታችን ማርያም የሚደረገውን አክብሮት በሥርዓት አጠንክረው ስለደነገጉ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሚሣል ሥዕል በዘመናቸው ትልቅ እድገት አገኘ። የዚያ ዘመን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ጽፏል። አብዛኛው ባለ እጅ ስሙ ሳይታወቅ ባለፈበት አገር፣ በተቀባ እንጨት ላይ የተጻፈ የአንድ ሠሪ ስም ቀላል ነገር አይደለም።

የሰሌዳ ሥዕል አሠራር ከጉዳያችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሠዓሊው በጥሬ እንጨት ላይ አይሥልም። ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ሌላ ተስማሚ እንጨት ተጠርቦ ከለሰለሰ በኋላ፣ ከእንስሳ ቆዳ ከተቀቀለ ሙጫና ከነጭ የኖራ ወይም የጀሶ ዱቄት የተዘጋጀ ልባጥ ይቀባል። ልባጡ የእንጨቱን ቀዳዳና ጭረት ይሞላል፤ ቀለሙ ወደ እንጨቱ ሰርጎ እንዳይደበዝዝ ይከለክላል፤ ከበስተ ኋላ ሆኖም ለቀለሙ ድምቀት ይሰጣል። በላዩ ላይ ከሰል የሰጠው ጥቁር፣ ቀይ አፈር፣ ቢጫ ዘርኒኅ፣ ሰማያዊ ኒል ያርፋል። አንድ ወገኑ ብቻ የተለበጠ ሰሌዳ በዘመን ብዛት ሲቆለመም በብዙ አሮጌ ሥዕሎች ላይ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተሸፈነው ወገን እርጥበትን ሲከላከል ራቁቱን የቀረው ወገን እርጥበት ይስባል፣ ይለቃልም፤ እንጨቱም ሁለት ዓይነት ጠባይ ይዞ ይጎብጣል። ይህ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ የሠዓሊ ችግር ዛሬ ቀዝቃዛ ብርጭቆ የሚያርፍበትን ጣውላ የሚቀባ ወጣትም ችግር ነው።

አንኮበርና ባለ እጆቹ

አንኮበር የሸዋ መሳፍንት መናገሻ የሆነችው በ18ኛው ምዕተ ዓመት እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዝናዋ የገነነው ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ነው። ንጉሡ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ሲቀመጡ፣ በግቢያቸው ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ አንጥረኛ፣ ሰፊና አናጢ ይሠሩ ነበር። ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸዋ የተቀመጡት ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሚሲዮናውያን በማስታወሻቸው ስለ አገሩ ባለ እጆች ጽፈዋል። ከእነዚህም መካከል ጠቢባን እየተባሉ የሚጠሩት በአንኮበር ዙሪያ ተለይተው ይኖሩ እንደነበርና ሕዝቡ በፍርሃት ያያቸው እንደነበር መዝግበዋል።

እዚህ ላይ የታሪኩ መራራ ገጽ ይገለጣል። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ ማለት ነው፤ ሆኖም ከዚሁ ሥር የወጣው ጠይብ የሚለው ቃል ስድብ ሆነ። ኅብረተሰቡ ማረሻውን፣ ጦሩን፣ ማሰሮውንና መስቀሉን ከባለ እጁ እጅ ይቀበላል፤ ሠሪውን ግን ቡዳ ነው ብሎ ከማዕዱ ያርቃል። አናጢው ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪዋ ይልቅ የተሻለ ክብር ነበረው። ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ፣ መንበረ ታቦት የሚጠርብ በመሆኑ ሥራው ይከበር ነበር። ነገር ግን የአናጢው ፋስ፣ መሮና መጋዝ ከቀጥቃጩ ምድጃ የወጡ ናቸው። የተናቀው እጅ ባይኖር የተከበረው እጅ ባዶውን በቀረ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወልደው፣ ንጉሠ ነገሥት ከመሆናቸው በፊት ሸዋን ለብዙ ዓመታት ከአንኮበር ሆነው አስተዳድረዋል። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ መስደብን ከልክለዋል፤ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ጸሐፊውንና ገበሬውንም በሙያቸው ማዋረድ የተከለከለ መሆኑን አስታውቀዋል። ዐዋጁ አዲስ አስተሳሰብ ያቀፈ ነበር፤ ይሁን እንጂ ባለ እጁን ከመሬትና ከማኅበራዊ ኑሮ ያገለለው ሥርዓት በቦታው ስለነበረ ንቀቱ በቃል ብቻ አልጠፋም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ መሬት አልባ ለነበሩ ብዙ ባለ እጆች የመሬት መብት ከፈተ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ዕደ ጥበብንና አነስተኛ ኢንዱስትሪን የሚያስፋፋ የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ። ዛሬም በየመንደሩ ሙያን ከዘር ጋር አያይዞ የሚንሾካሾክ ሰው አለመጥፋቱ፣ የሕግ መሻሻል የአስተሳሰብ መሻሻልን እንደሚቀድምና ሁለተኛው ብዙ ትምህርት እንደሚጠይቅ ያሳያል።

ቡና ወደ ሸዋ ቤት ሲገባ

የስኒ ማረፊያ ታሪክ ከቡና ታሪክ አይለይም። ዛሬ ያለ ረከቦት የሸዋን ቤት ማሰብ ያዳግታል። ይሁንና በሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና መጠጣት የተነወረ ነበር፤ የሙስሊሞች መጠጥ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ትከለክለው ነበር። ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ፣ የነጋዴዎችና የአርጎባ ሕዝብ ገበያ በሆነችው ከተማ፣ ቡናው በሰፊው ይጠጣ ነበር። በአንድ ተራራ ራስና እግር መካከል፣ በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ፣ ጀበናው በአንዱ በኩል የቤት ክብር፣ በሌላው በኩል ነውር ነበር ማለት ነው። ይህ ልማድ በ19ኛው ምዕተ ዓመት እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ተለወጠ። ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ክልከላው እንዲላላ ረድተዋል።

ከዚህ የምንረዳው ረከቦት በሸዋ ክርስቲያን ቤት በአንጻራዊነት የቅርብ ጊዜ እንግዳ መሆኑን ነው። ዛሬ ባህላዊ የምንለው ዕቃ ትናንት አዲስ ነበር፤ ከጎረቤት ሕዝብ ተወርሶ፣ በአገሩ አናጢ እጅ ተሠርቶ፣ በቤቱ እመቤት ወግ ተከብሮ ነው ባህላዊ የሆነው። የብርጭቆ ማሳረፊያን አዲስ ነው ብለን ከመናቃችን በፊት ይህን ልናስታውስ ይገባል።

ከሳጥን እስከ ፓሌት

የማሸጊያ እንጨት ወደ ሸዋ የመጣው ከንግድ ቅፍለት ጋር ነው። በሻለቃ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በበረሃው አቋርጦ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስጦታ ይዞ መጣ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 16 ቀንም የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከቡድኑ ጋር የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የአንኮበርንና የአካባቢውን ትዕይንት ሥሎ በ1852 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ ሥዕሎቹ ዛሬ የዚያን ዘመን አንኮበር ለማየት ከሚረዱን ጥቂት የዓይን ምስክሮች ናቸው። ግመል ያንን ዳገት ስለማይወጣ፣ ጭነቱ ከእግረ ተራራው ጀምሮ በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ጀርባ ነበር የሚጓጓዘው። በ1887 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ በዚሁ በታጁራ መንገድ የጠመንጃ ቅፍለት እየመራ አንኮበር ደረሰ፤ ምኒልክን ግን በዚያ ስላላገኛቸው ወደ እንጦጦ ለመጓዝ ተገደደ። ታሪክ ጸሐፊዎች ጠመንጃውን በቁጥር ይዘውታል። ከባሕር ማዶ ተጭኖ፣ በረሃና ዳገት አቋርጦ ለመጣ ጣውላ ግን የደጋው ሰው ያለው ዋጋ ከጠመንጃ ቁጥር በታች የሚታይ አይደለም።

የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ የአንኮበር የንግድ መንገድ ቀዘቀዘ፤ ሳጥኑም ወደ አዲስ አበባ ዞረ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተባለው ሰፈር ያገለገለ ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ጎማና እንጨት እንደገና ወደ ዕቃነት የሚለወጥበት የታወቀ ሥፍራ ሆነ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ክፍሎችን ከዚሁ ገበያ እየሰበሰበ የሠራቸው ሥራዎች በዓለም ትላልቅ ሙዚየሞች ለመታየት በቅተዋል። በዚህም የተጣለ ዕቃ የድህነት ምልክት ብቻ ሳይሆን የኪነ ጥበብ ቁሳቁስ መሆን እንደሚችል ተረጋግጧል።

ፓሌት የተባለው የጭነት መደብ በዓለም ላይ በሰፊው የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የጭነት ማንሻ መኪና ከመስፋፋቱ ጋር ነው። አውሮፓውያን በ1961 እ.ኤ.አ. 80 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወጥ ልክ አወጡለት። ደብረ ብርሃን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ ወደ ፋብሪካ ከተማነት እያደገች መጥታ፣ በቅርብ ዓመታት የቢራ ፋብሪካዎችና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምረውባታል። ማሽንና ጥሬ ዕቃ በመጣ ቁጥር ከሥሩ እንጨት ይመጣል። ደን በሌለው ሜዳ ላይ፣ ከሩቅ አገር ደን የተቆረጠ የጥድ ጣውላ ለማገዶ ይነዳል ወይም ለዕደ ጥበብ ይውላል፤ ምርጫው የእኛ ነው።

የሥራው ሥርዓት

የመጀመሪያው ሥራ መምረጥ ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፣ ድንበር የሚሻገር ፓሌት ከተባይ መጽዳቱን የሚያሳይ ማኅተም ይታተምበታል። ኤች ቲ የሚል ምልክት ያለው እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያገኘ ነው፤ ኤም ቢ የሚል ምልክት ያለው በሜታይል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለቤት ዕቃ ሊውል አይገባውም። ማኅተም የሌለው፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት፣ የሚሸትም መተው አለበት። ምግብና መጠጥ አጠገብ የሚቀመጥ ዕቃ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ቸልተኝነት አያዋጣም።

ሁለተኛው ምስማሩን በጉጠት መንቀል ነው፤ የቀረ ምስማር መጋዝን ይሰብራል፣ መላጊያን ይጎዳል። ከዚያም ጣውላው ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ተቆርጦ ይላጋል፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ሦስተኛው ልባጡ ነው። የፓሌት እንጨት ለስላሳና ፈሳሽ መጣጭ ስለሆነ፣ የጥንት ሠዓሊ ለሰሌዳው ይቀባው የነበረው ነጭ ልባጥ እዚህ ላይ በጣም ይስማማል። ልባጡና የመጨረሻው ሽፋን በፊቱ ብቻ ሳይሆን በጀርባውና በጠርዙም መቀባት አለበት፤ አለዚያ እንደ አሮጌዎቹ ሰሌዳዎች ይቆለመማል። የሽፋኑም ዓይነት ይመረጣል። ጎማላካ በአልኮል የሚሟሟ ስለሆነ አረቄ በሚቀርብበት ማዕድ አይበረክትም፤ ሙቀትና ውኃ የሚችል ቫርኒሽ ያስፈልጋል።

ምን እንሣል?

ከአሠራሩ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ለጎብኚ ከሚሸጡ ዕቃዎች መካከል የቅዱሳን ሥዕል የተቀባባቸው ብዙ ናቸው። ሥዕሉ ለግድግዳ በሚሰቀል ሰሌዳ ላይ ሲሆን አንድ ነገር ነው፤ እርጥብ ብርጭቆ በሚቀመጥበት፣ ቡና በሚንጠባጠብበት ጣውላ ላይ ሲሆን ግን ሠሪውንም ገዢውንም የሚያስንቅ ነው። ጉዳዩ የሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ ዕቃና ሥዕል በአገልግሎት መስማማታቸው የዕደ ጥበብ የመጀመሪያ ሕግ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ የሚስማማ ሀብት በእጃችን አለ። የብራና መጻሕፍትን ራስጌ የሚያስጌጠው ሐረግ፣ የመሶብ ስፌት ክብ ዙር፣ የደብረ ብርሃን ስጋጃ ቅርጽ፣ የባና መስመር ሁሉ ለክብ ወይም ለአራት ማዕዘን ጣውላ የተፈጠሩ ይመስላሉ። እነዚህን በማጥናት የሚሠራ ሰው ከማንም ሳይቀዳ አዲስ ሥራ ማቅረብ ይችላል።

አንኮበር ለዚህ ዓይነቱ እድገት ምሳሌ አላት። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በዚያች ከተማ በ1925 ዓ.ም. ተወልደው፣ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ሥዕልን መረጡ። በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለ ቀለም የመስታወት ሥራ ከአውሮፓ የተወሰደን ሙያ ለአፍሪካ ታሪክ ያዋለ ነው። ዘሪሁን የትምጌታም በቀርከሃ ስንጥር ላይ የሠሯቸው ሥዕሎች በአገር ቤት የሚገኝ ተራ ቁሳቁስ የዘመናዊ ሥዕል መደብ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ቁሳቁሱ ከየትም ይምጣ፣ ባለቤት የሚያደርገው በላዩ ያለው ሐሳብ ነው።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ የሚያስተምሩ መምህራን፣ በየባህል ጽሕፈት ቤቱ የተመደቡ ሠራተኞችና የሥዕል ባለሙያዎች ይህን ትንሽ ዕቃ በትንሽነቱ አይተው ሊያልፉት አይገባም። ተማሪው አንድ ጣውላ ሲልግ የደን ዋጋ፣ ምስማር ሲነቅል የቀጥቃጭ ዋጋ፣ ልባጥ ሲቀባ የጥንት ሠዓሊ ዕውቀት ይማራል። አንድ ነገር ግን መታከል አለበት። ሥራው ሲያልቅ፣ በጀርባው በኩል፣ ከሽፋኑ በፊት፣ ሠሪው ስሙን ይጻፍ። ፍሬ ጽዮን ይህን ካደረገ አምስት መቶ ዓመት አልፏል፤ ከእሱ በኋላ ግን እልፍ አእላፍ ባለ እጆች ማሰሮአቸው፣ ሸማቸውና ረከቦታቸው ሲታወቅ እነሱ ሳይታወቁ አልፈዋል። ስሙን የሚጽፍ ባለ ሙያ ለሥራው ኃላፊነት ይወስዳል፤ ስሙን የሚያነብ ገዢም ዕቃው ከእጅ እንደወጣ፣ እጁም የሰው እንደሆነ ያውቃል።